አሰልጣኙ ለምን እንዲህ አደረገ? ቤዝቦልን በእርሳስ መዝግቦ መከራከር

ጨዋታው ካለቀ በኋላ «ፒቸሩን (ኳስ ወርዋሪውን) ቀደም ብሎ መቀየር ነበረበት» ማለት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ፒቸሩ በዚያች ቅጽበት ስንት ኳስ ወርውሮ እንደነበር፣ ያ መቺ ስንተኛ ጊዜ እንደቀረበበት፣ ቤዝ ላይ ማን እንደቆመና ተረኛው ማን እንደሆነ መናገር ነው። በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ70 በላይ መቺ ያቀርባሉ፤ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ የሚይዝ የለም። ወረቀት ግን ይይዛል። በወረቀት የያዘ ሰው ደግሞ ክርክሩን ከውጤቱ ሳይሆን ከውሳኔው ሰዓት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ሦስት ስትራይክ አውት መሆኑን፣ አራት ቦል ወደ አንደኛ ቤዝ እንደሚያስሄድ፣ ሦስት አውት ሲሞላ ተራው እንደሚዞር ታውቃላችሁ ብለን እንነሳለን።

ወረቀቱን ማዘጋጀት

ስታዲየም ውስጥ የታተመ የውጤት ወረቀት ይሸጣል። ቤት ውስጥ ለሚያይ ግን ሁለት ኤ4 ወረቀት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ። ወረቀቱን በአግድም ያዙት። በግራ በኩል 6 ሳንቲ ሜትር ለስምና ለቦታ ቁጥር ተዉ፤ ቀጥሎ እያንዳንዳቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 10 ዓምዶች አስምሩ። ዘጠኙ ለዘጠኙ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ተራ የሚመቱበት ዙር) ነው፤ አሥረኛው ለመጠባበቂያ። በቀኝ የሚተርፈው 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ለድምር ይሆናል። ወደ ታች ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው 9 ረድፎች፣ ለእያንዳንዱ መቺ አንድ። በየሳጥኑ መካከል ትንሽ ዳይመንድ፣ ማለትም በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ሣሉ። የታችኛው ጫፍ ሆም ፕሌት፣ የቀኙ አንደኛ ቤዝ፣ የላይኛው ሁለተኛ፣ የግራው ሦስተኛ ነው።

ስሙን ከረድፉ አናት አስጠግታችሁ ጻፉት። ከሥሩ ሁለት ስም የሚያስገባ ቦታ ካልተዋችሁ በስምንተኛው ኢኒንግ ተቀያሪ መቺ ሲመጣ መጻፊያ ታጣላችሁ። እስክሪብቶም አይሆንም፤ ዳኞች ቪዲዮ አይተው ውሳኔ ይገለብጣሉ፣ ሂት (መቺውን ቤዝ ያደረሰ ንጹሕ ምት) የተባለው ከደቂቃዎች በኋላ የተከላካይ ስህተት ሊባል ይችላል። እርሳስ፣ ላጲስ፣ አበቃ።

ቁጥሮቹ የማሊያ ቁጥሮች አይደሉም

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በውጤት ወረቀት ላይ እያንዳንዱ የሜዳ ቦታ የራሱ ቁጥር አለው፦ ፒቸር 1፣ ካቸር (ከሆም ፕሌት ኋላ ያለው ኳስ ተቀባይ) 2፣ አንደኛ ቤዝ 3፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ ሾርትስቶፕ 6፣ ግራ ሜዳ 7፣ መካከለኛ ሜዳ 8፣ ቀኝ ሜዳ 9። ሾርትስቶፕ የሚቆመው በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ስለሆነ ቅደም ተከተሉ እዚያ ላይ የተዛባ ይመስላል፤ በቃላችሁ ያዙት እንጂ ምክንያት አትፈልጉለት። ሜዳ ሳይገባ ለመምታት ብቻ የሚሰለፈው ዲኤች የመከላከያ ቁጥር የለውም፤ ሁለቱን ፊደላት ብቻ ጻፉ።

ቁጥሩ የሰውየው እንጂ የቆመበት መሬት አይደለም። ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂው ወደ ሾርትስቶፑ አካባቢ ተጠግቶ ኳሷን ቢያነሳ አሁንም 5 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ) ውስጠኛውን ሜዳ የሚጠብቁት አራቱ ተጫዋቾች፣ ሁለት ሁለት ሆነው በሁለተኛ ቤዝ ግራና ቀኝ መቆም ስላለባቸው ግራ መጋባቱ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ምልክቶቹ

ፊደላቱ በወረቀቱ ላይ የላቲን ናቸው፤ እዚህ በአጠራራቸው እንጽፋቸዋለን። መሬት ለመሬት የሄደችውን ኳስ ሾርትስቶፑ አንስቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ከወረወረና መቺው ከወጣ 6-3 ትጽፋላችሁ። አንደኛ ቤዝ ጠባቂው ራሱ አንስቶ ራሱ ቤዙን ከረገጠ 3 ብላችሁ ዩ ትጨምራላችሁ። በአየር የሄደች ኳስ መካከለኛ ሜዳ ላይ ከተቀለበች ኤፍ8፤ ዝቅ ብላ በቀጥታ ተተኩሳ ከተያዘች ኤል እና የያዛት ሰው ቁጥር። ሦስት ስትራይክ ኬ ነው። ምልክቱን ያወጣው እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ ሲሆን፣ ለዚህ በእንግሊዝኛ ይባል ከነበረው «ስትራክ» የመጨረሻዋን ፊደል ወሰደ። መቺው ዱላውን ሳያወዛውዝ ቆሞ ካየው ኬዋን ወደ ኋላ አዙራችሁ ጻፏት። ይህች ጌጥ አይደለችም፤ አንድ መቺ ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ኬ ካለው ቅሬታው ከዳኛው ጋር ነው ወይስ ኳሷን ማንበብ አቅቶታል የሚለውን ጥያቄ ታነሳለች።

አራት ቦል (ዎክ) ቢቢ፣ ሆን ተብሎ የተሰጠ ዎክ አይቢቢ፣ ኳስ ሰውነቱን ከመታው ኤችቢፒ። ሲመታ ደግሞ የዳይመንዱን ጠርዝ በእርሳስ ታደምቃላችሁ፦ ሲንግል ከሆነ እስከ አንደኛ ቤዝ፣ ደብል ከሆነ እስከ ሁለተኛ። ያው መቺ በኋላ በሌላ ሰው ምት ወደ ፊት ሲሄድ መስመሩን ቀጥሉና እዚያ ያደረሰውን መቺ የተራ ቁጥር አጠገቡ ጣል አድርጉ። ሆም ፕሌት ከደረሰ ዳይመንዱን ሙሉ በሙሉ አጥቁሩት፤ ያ አንድ ነጥብ ነው። አውት ሲሆን 1፣ 2 ወይም 3 ብላችሁ አክብቡ። ኢኒንጉ ሲያልቅ ከመጨረሻው መቺ ሳጥን ሥር ሰያፍ መስመር ጣሉ፤ ይህን ካልጣላችሁ በሚቀጥለው ኢኒንግ ማን እንደሚጀምር ስትፈልጉ የመጀመሪያው ኳስ ያመልጣችኋል።

ደብል ፕሌይ (በአንድ ምት ሁለት አውት) በሁለት ሳጥን ይጻፋል። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ነበር፣ ኳሷ ወደ ሾርትስቶፕ ሄደች፣ ወደ ሁለተኛ ከዚያም ወደ አንደኛ ተወረወረች እንበል። በሯጩ ሳጥን 6-4፣ በመቺው ሳጥን 6-4-3 እና ዲፒ። ብዙዎች በመቺው ብቻ ጽፈው ሯጩን ቤዝ ላይ አስቀርተውት ይሄዳሉ፤ ኢኒንጉ መጨረሻ ላይ ሁለት አውት ብቻ ቆጥረው ግራ ይገባቸዋል።

ሌላው የስህተት ምንጭ ኤፍሲ ነው። ተከላካዩ መቺውን ማስወጣት ሲችል ቀዳሚውን ሯጭ መርጦ ካስወጣ መቺው ቤዝ ቢደርስም ሂት አይቆጠርለትም። ስህተት ከሆነ ኢ እና የተሳሳተው ሰው ቁጥር። ሂት ነው ስህተት የሚለውን የሚወስነው ኦፊሴላዊው መዝጋቢ ነው፤ እናንተ ባትስማሙ እንኳ የእሱን ጻፉ፣ ተቃውሟችሁን በጎን። አለበለዚያ ድምራችሁ ከሌላው ሰው ጋር መቼም አይገጥምም።

የኳስ ቆጠራ

በየሳጥኑ ጥግ በላይ ለቦል ሦስት፣ በታች ለስትራይክ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ሣሉ። በየውርወራው አንዷን ምልክት አድርጉባት። ሁለት ስትራይክ ከሞላ በኋላ የምትመጣ ፋውል (ከመስመር ውጭ የተመታች ኳስ) ቆጠራውን ስለማትቀይር ከጎን ነጥብ አድርጉላት። ፒቸሩ ስንት እንደወረወረ ስትደምሩ የምትጎድለው የመጨረሻዋ ኳስ ናት፦ የተመታችው፣ አራተኛው ቦል ወይም ሦስተኛው ስትራይክ በክፍሎቹ ውስጥ ቦታ የላትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መቺ ከምልክቶቹ ላይ አንድ ጨምሩ። ሁለት ነገር ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ሆን ተብሎ የሚሰጥ ዎክ በአሰልጣኙ ምልክት ብቻ ስለሆነ ኳስ አይወረወርበትም። እንዲሁም መቺው ተራውን ሳይጨርስ ሯጭ ቤዝ ሲሰርቅ (ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሲሮጥ) ተይዞ ኢኒንጉ ካለቀ፣ የምትጨመር ኳስ የለችም።

ፒቸር ሲቀየር አዲሱ ከሚገጥመው የመጀመሪያ መቺ ሳጥን በላይ ወፍራም አግድም መስመር፤ መቺ ሲቀየር ከአዲሱ ሰው የመጀመሪያ ሳጥን በግራ ወፍራም ቁም መስመር። የመጀመሪያውን መርሳት በኋላ የሚያስከፍለውን ዋጋ አሁን እናያለን።

አንድ ግማሽ ኢኒንግ ቀረብ ብሎ ሲታይ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2024፣ ሎስ አንጀለስ፣ የወርልድ ሲሪስ (የሊጉ የፍጻሜ ተከታታይ) የመጀመሪያ ጨዋታ። አሥረኛው ኢኒንግ፣ የኒው ዮርኩ ያንኪስ 3 ለ 2 እየመሩ፣ አስተናጋጁ ዶጀርስ ለመምታት ቀርበዋል። ያንኪስን ወደ ፊት ያስገባው ጃዝ ቺዝም በዚያው ኢኒንግ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ሰርቆ ያመጣው ነጥብ ነው። አሁን ፒቸሩ በቀኝ እጁ የሚወረውረው ጄክ ከዝንስ ነው።

ዊል ስሚዝ በአየር ምት ወጣ፤ በክብ 1። ጋቪን ላክስ አራት ቦል፤ ቢቢ፣ መስመሩ እስከ አንደኛ። ዘጠነኛው መቺ ቶሚ ኤድማን ሲንግል፤ የእሱ መስመር እስከ አንደኛ፣ የላክስ እስከ ሁለተኛ ቀጥሎ አጠገቡ 9 ይጻፋል። እዚህ የያንኪስ አሰልጣኝ አሮን ቡን ግራ እጁን ኔስተር ኮርቴስን አስገባ። ወፍራሙ አግድም መስመር ከሾሄይ ኦታኒ ሳጥን በላይ።

ኦታኒ የመጀመሪያዋን ኳስ በግራ በኩል ከመስመሩ ውጭ ወደ ላይ አጎናት፤ አሌክስ ቨርዱጎ ሮጦ ቀለባትና ወደ ተመልካቹ ተገልብጦ ወደቀ። ኤፍ7፣ በክብ 2። ተከላካይ ኳስ ከቀለበ በኋላ ከሜዳ ውጭ ከወደቀ ሯጮቹ አንዳንድ ቤዝ ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ ላክስ ሦስተኛ፣ ኤድማን ሁለተኛ። ይህ ሳክሪፋይስ ፍላይ (በአየር ወጥቶም ሯጭን ነጥብ የሚያስገባ ምት) ይባላል ብሎ ኤስኤፍ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ነጥብ ስላልገባበት ግን ኤስኤፍ አይደለም፤ ኦታኒ ላይ እንደተራ የመምቻ ዕድል ይቆጠራል። አንደኛ ቤዝ ባዶ ሆነ። ቡን ቀኝ እጅ መቺውን ሙኪ ቤትስን ሆን ብሎ አስኬደው፤ አይቢቢ፣ ኳስ ዜሮ። ቤዞቹ ሞሉ፣ ግራ እጅ መቺው ፍሬዲ ፍሪማን ቀረበ። የመጀመሪያዋ ኳስ፣ ሆም ራን (መቺውንና ሯጮቹን ሁሉ የሚያስገባ፣ ከሜዳ የወጣ ምት) በቀኝ ሜዳ በኩል። አራት ዳይመንድ ይጠቁራል፣ በፍሪማን ሳጥን ኤችአር እና 4። ዶጀርስ 6 ለ 3። በወርልድ ሲሪስ ታሪክ ጨዋታን የዘጋ የመጀመሪያው ግራንድ ስላም (ቤዞች ሞልተው የተመታ ሆም ራን) ነው።

አሁን ወረቀቱን ፈትኑት። ሕጉ ይህ ነው፦ የቀረቡት መቺዎች ቁጥር ከነጥቦቹ፣ ቤዝ ላይ ከቀሩትና ከአውቶቹ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ስድስት መቺዎች ቀረቡ፤ 4 ነጥብ፣ 0 የቀረ፣ 2 አውት። ገጠመ። በሙሉ ጨዋታም በዚሁ ይሠራል፤ ካልገጠመ አንድ መቺ ዘላችኋል ወይም ሯጭ ጠፍቶባችኋል። ከ2020 ጀምሮ በመደበኛው ወቅት ከዘጠነኛው ኢኒንግ በኋላ ሁለተኛ ቤዝ ላይ በነፃ ሯጭ ስለሚቀመጥ፣ በእነዚያ ኢኒንጎች ለእያንዳንዱ ነፃ ሯጭ በመቺዎቹ በኩል አንድ ጨምራችሁ ፈትኑ። በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ወቅት በኋላ ባለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ይህ ሯጭ የለም።

ስድስቱ መቺዎች ስድስት የመምቻ ዕድል አይደሉም፤ ሁለቱ ዎኮች ከአማካይ ስሌቱ ይወጣሉ። 4 ዕድል፣ 2 ሂት። ፒቸሮቹ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የላክስና የኤድማን ነጥብ የሚጻፈው ቤዝ ላይ ባስቀመጣቸው በከዝንስ ላይ ነው፤ የቤትስና የፍሪማን በኮርቴስ ላይ። ኤድማን የመሪነቱን ነጥብ ስለያዘ ሽንፈቱም የከዝንስ ሆነ፤ ሆም ራኗ ስትመታ እሱ ሜዳ ላይ አልነበረም። አግድም መስመሯን ያልሳለ ሰው አራቱንም ኮርቴስ ላይ ይደፋል። ኮርቴስ የወረወረው በጠቅላላው ሁለት ኳስ ነው።

ውሳኔውን መመዘን

«ኮርቴስን ማስገባት ጥፋት ነበር፤ ሆም ራን ተመታበት» የሚለው ክርክር አይደለም፣ ዜና ነው። ከፍሪማን ምት በፊት ባለው ወረቀት ላይ እጃችሁን አድርጉና የነበሩትን አማራጮች ቁጠሩ።

ቡን ሁለት ግራ እጅ ፒቸር ነበረው፦ ኮርቴስና ቲም ሂል። ኮርቴስ ከሴፕቴምበር 18 ወዲህ በጨዋታ አልወረወረም ነበር። ሂል ግን በፕሌይኦፉ ሲወረውር የቆየ ነው። እንግዲህ የክርክሩ ልብ እዚህ ነው፤ ከኦታኒ በፊት እንጂ ከፍሪማን በፊት አይደለም። ምክንያቱም ከ2020 ጀምሮ አዲስ ፒቸር ቢያንስ ሦስት መቺ መግጠም ወይም ኢኒንጉን መጨረስ አለበት፣ ሆን ተብሎ የተሰጠ ዎክም እንደ አንድ መቺ ይቆጠራል። ኦታኒ አንድ፣ ቤትስ ሁለት፣ ፍሪማን ሦስት። ኮርቴስ ከገባ በኋላ ፍሪማን ጋ መድረሱ ካልቀረ መግጠሙም አይቀርም።

ቀጥሎ የቤትስ ዎክ። የሚደግፈው ክርክር፦ ግራ እጅ ፒቸር ከግራ እጅ መቺ ጋር የተሻለ ዕድል አለው፣ ፍሪማን ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ነው የሚጫወተው፣ ቤዝ ሲሞላም በየትኛውም ቤዝ ላይ አውት ማድረግ ይቻላል። የሚቃወመው፦ ቤዝ ሲሞላ አራት ቦል ብቻውን ጨዋታውን እኩል ያደርጋል፣ ስለዚህ ከወር በላይ ያልወረወረ ሰው ወደ መሐል ለመወርወር ይገደዳል። ወረቀቱን ወደ ግራ ብታዩ ደግሞ ፍሪማን በመጀመሪያው ኢኒንግ ከጌሪት ኮል ላይ ትሪፕል መትቷል፤ ቁርጭምጭሚቱ የታመመ ሰው ሦስት ቤዝ ሮጧል። በእኛ ሚዛን ዎኩ በተለመደው ስሌት ሊከላከሉት የሚቻል ነው፤ ለመከላከል የሚከብደው ከሂል ይልቅ ኮርቴስን መምረጡ ነው። በዚህ የማይስማማ ይኖራል፣ ይኑር፤ ግን ስለ ኦታኒ ሳጥን ይከራከር።

በእጅ የሚያዙ ጥቂት ቁጥሮች

ለዕለት ተዕለት ጭቅጭቅ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ካሉት የሜጀር ሊግ ጨዋታዎች የተሰሉት አማካዮች ይጠቅማሉ። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ኖሮ አውት በሌለበት፣ እስከ ኢኒንጉ መጨረሻ የሚጠበቀው 0.86 ነጥብ ያህል ነው። በበንት (ኳሷን በዱላ ቀስ ብሎ በመንካት) መቺውን ሠውቶ ሯጩን ሁለተኛ ቤዝ ማድረስ፣ አንድ አውት ሲጨመር፣ ወደ 0.66 ያወርደዋል። ቢያንስ አንድ ነጥብ የማግባት ዕድሉ እንኳ ከመቶ 42 ወደ 40 ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ሯጩን አስጠጋው» የሚለው የድሮ ምክር በአማካይ መቺ ኪሳራ ነው። አማካይ ግን አማካይ ነው፤ የቀረበው በጣም ደካማ መቺ ከሆነና አንድ ነጥብ ብቻ ጨዋታውን የሚዘጋ ከሆነ ሒሳቡ ይቀየራል።

ስርቆትም በዚሁ ይሰላል። አውት ሳይኖር ሁለተኛን ለመስረቅ የሚሞክር ሰው ከተሳካለት 1.10፣ ከተያዘ 0.25። ከ0.86 ጋር ሲመዛዘን ከመቶ 72 ያህል ካልተሳካለት ቡድኑን እየጎዳ ነው። ከ2023 ጀምሮ ቤዞቹ ከ15 ወደ 18 ኢንች ሰፍተዋል፣ ፒቸሩም በአንድ መቺ ጊዜ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ቤዝ ወርውሮ ሯጩን ካላስወጣ ሯጩ በነፃ አንድ ቤዝ ይወስዳል። ወረቀታችሁ ዳር ላይ ወደ ቤዝ የተወረወረውን በነጥብ ያዙ፤ ሁለት ነጥብ ካያችሁ ሯጩ ሊነሳ ነው።

ጀማሪ ፒቸር ላይ ደግሞ ከኳስ ብዛቱ እኩል ስንተኛ ዙር እንደሆነ እዩ። መቺዎች ያንኑ ፒቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት በአማካይ ይበልጥ ይመቱታል፤ ውርወራውን ለምደውታል፣ እሱም ደክሟል። በረድፉ ላይ ሦስተኛውን የተሞላ ሳጥን ስታዩ ቡልፔን (ተቀያሪ ፒቸሮች የሚዘጋጁበት ቦታ) ውስጥ ማን እየተሟሟቀ እንደሆነ ለማየት ጊዜው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ የአንዱን ቡድን ብቻ መዝግቡ፤ ሌላው ሲመታ የቀራችሁን ታሟላላችሁ። ሰዓቱ አሁን ችኩል ነው፦ ቤዝ ባዶ ሲሆን ፒቸሩ 15 ሰከንድ፣ ሯጭ ሲኖር 18 ሰከንድ ብቻ አለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ አውቱን ጻፉ፣ ማስጌጡ ይደርሳል። አዲስ አበባ ሆነው ለሚከታተሉ፣ በበጋው ወራት በአሜሪካ ምሥራቅ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ላይ የሚጀመረው የእሑድ ጨዋታ በእኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይውላል፤ እዚያ ምሽት 8 ሰዓት የሚጀመረው ግን ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ ለመለማመጃ አይሆንም።